በያዳምጃቭ ስር የተሰለፉት ነፋሶች

ከቴስ ወንዝ ማዶ ከሰፈሩት፣ ጌር ከሚባሉት የሱፍ ድንኳኖች ላፕቶፕ የሚከፈትበት አንዱ ብቻ ነበር። ብርሃን የሚሰበስበው ሰሌዳ ከሱፍ ግድግዳው ውጭ ፀሐይ ላይ ተደግፎ ይውላል፤ ገመዱ በግድግዳው ግርጌ ሾልኮ ይገባል፤ የገመዱ ጫፍ ላይ ኡራንጎ ትቀመጣለች። በጎች በሚወልዱበት ወራት ከዋና ከተማው ወደ አማቷ ሰፈር እየመጣች ግልገል ታቅፋለች፣ ኩበት ትለቅማለች፣ ጨው ያለበትን የወተት ሻይ ታፈላለች። በመሃል በመሃሉ ደግሞ የዶክትሬት ጽሑፏን ትነካካለች። ጽሑፏ ስለ ነፋስ ነው፤ አርብቶ አደሮች ለየነፋሱ ስላወጡት ስም። ከነፋሶቹ የሚበዙት የመጡት ከአንድ ሰው አፍ ነበር። እሳቸውም ከበሩ ትይዩ ባለው የክብር ቦታ ተቀምጠው ሻያቸውን እፍ የሚሉት አማቷ ናቸው።

በዚያ አገር ምራት የአማቷን ስም ስለማትጠራ እሷም አትጠራም። ሰው ቢጠይቃት ‹‹ስማቸው ከባድ ነው›› ትላለች። የዚያ አገር ሰው ይህን ሲሰማ ነገሩ ገብቶት ዝም ይላል፣ ካልሆነም ዞር ብሎ ሌላ ሰው ይጠይቃል። ከተማ ያደጉ ጓደኞቿ ይስቁባታል። አንዷማ ስማቸውን ብትጠሪ ሰማዩ ይደረመሳል ወይ ብላታለች። አይደረመስም። ግን ኢደርን አግብታ የዚያችን ጌር ደጃፍ የረገጠች ዕለት ያ ስም ከአፏ እንደ ወተት ጥርስ ወልቆ ሄደ። አሁን ብትፈልገውም ምላሷ የሚያገኘው ክፍተቱን ነው።

ኢደር የሽማግሌው አንድ ልጅ ነበር። ካቻምና፣ በረዶው መሳሳት በጀመረበት ሰሞን፣ ወንዙን በመኪና ሲሻገር ስሩ ተከፍቶ ወሰደው። ልጅ አልወለዱም። በዚያ አገርም ሰው የሚታወቀው በስሙና በአባቱ ስም ስለሆነ፣ ኢደር ሲሞት የሽማግሌውን ስም ከስሙ ጋር ይዞ የሚዞር ሰው ከምድር ላይ ጠፋ። ሽማግሌው ይህን ነገር አንድ ቀን የበግ ቆዳ እየገፈፉ እንደ ዋዛ አንስተውት ነበር። ‹‹እንግዲህ ስሜ እኔው ጋ ቀረ፤ የሄድኩ ቀን አብሮኝ ይሄዳል›› አሉና ቢላቸውን በሣር ጠረጉ። ኡራንጎ የተገፈፈውን ቆዳ ተቀብላ ፀሐይ ላይ ዘረጋችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የነፋሶቹ ምዕራፍ ሌላ ነገር ሆነባት። ጽሑፉ ታትሞ ቤተ መጻሕፍት ሲገባ የሽማግሌው ነፋሶች በባለቤታቸው ወንበር ተቀምጠው መግባት አለባቸው አለች ለራሷ። አለበለዚያ ይህን ሁሉ ዓመት የለፋችው ለምን እንደሆነ አታውቅም።

አስቸጋሪው ነገር የዋቢ ዝርዝሩን የሚያወጣው ላፕቶፑ ላይ ያለ ፕሮግራም መሆኑ ነው። ሰው ለእያንዳንዱ ምንጭ ቅጽ ከፍቶ ደራሲውን፣ ርዕሱን፣ ዓመቱን፣ ቦታውን ይሞላል። ከዚያ በኋላ ማን ከማን እንደሚቀድም፣ የት ነጥብ የት ነጠላ ሰረዝ እንደሚገባ፣ የትኛው ዘመም ብሎ እንደሚጻፍ የሚወስነው ‹‹ስልት›› የሚሉት ፋይል ነው። የፋይሉ ሆድ ዕቃ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ የደፈረ ይከፍተዋል። ሲከፈት ቅንፍ በቅንፍ ውስጥ፣ ያም በሌላ ቅንፍ ውስጥ ነው፤ በሮቻቸው ወደ አንድ አቅጣጫ የተከፈቱ ጌሮች ማታ ከሩቅ የሚታዩ ይመስላል።

ኡራንጎ በብርዱ ወራት ደፍራ ከፍታዋለች። ያስደፈራት የአባቶቹ ነገር ነበር። ‹‹የቤተሰብ ስም›› የሚለውን ሳጥን የአገሩ ሰው ሁሉ በአባቱ ስም ይሞላዋል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ እሱን ጎትቶ ከፊት ያስቀምጣል። ዝርዝሩ ሲወጣ አባቶች ከያሉበት ተነስተው የልጆቻቸውን ወንበር ይዘው ተገኙ። ፊደል ያልቆጠሩ ግመል ነጂዎች የወፍራም መጻሕፍት ደራሲዎች ሆኑ። ኡራንጎ ስልቱን ገልብጣ፣ ለግልባጩ አዲስ ስም ሰጥታ፣ ቅንፎቹን በጨለማ እንደሚሄድ ሰው እየዳሰሰች ልጆቹን ወደየቦታቸው መለሰች። ከዚያ በኋላ ፋይሉን አልፈራችውም፤ እንዲያውም ወደደችው። ቀን ቀን በጎቹን ስትጠብቅ እንኳ ዓይኗ ኮረብታ ኮረብታውን እያየ ጣቷ ጭኗ ላይ ቅንፍ ይከፍታል፣ ቅንፍ ይዘጋል።

ቀጥላ ለአማቷ ቦታ መሥራት ጀመረች። ፕሮግራሙ መጽሐፍ ያውቃል፣ መጽሔት ያውቃል፣ ፊልምና ድረ ገጽም ያውቃል፤ ዝናብ ሲጥል ጌር ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚያወራ ሽማግሌ ግን አያውቅም። ስለዚህ ‹‹የቃል ምንጭ›› የሚል አዲስ ዓይነት ጨመረችለት፤ የነፋሱ ስም፣ የወንዙ ስም፣ የተነገረበት ወቅት። ገጠር ውስጥ ሰው ከሰው የሚለየው በአባቱ ስለሆነ የተናጋሪው አባት ስም እንደ መጻሕፍቱ ደራሲዎች በአንድ ፊደል አጥሮ ሳይሆን ሙሉውን እንዲወጣ አዘዘች። የተናጋሪው ስም ባዶ ከሆነ ደግሞ በቦታው ረጅም ሰረዝ ይሰመር አለች።

ይህችን ትእዛዝ ጽፋ ስትጨርስ እያየቻት ብዙ ቆየች። ሰረዙ ከንፈር ላይ የተጋደመ ጣት ይመስላል። ስሙ አለ፣ ግን አይነካም የሚል ጣት። ስሙን በአፏም በእጇም ባትደፍረው ቦታውን ትጠብቅለታለች። ለእያንዳንዱ ነፋስ አንድ አንድ ቅጽ ከፈተች፤ በሁሉም ላይ የስሙን ሳጥን ባዶ ተወችው። ሰረዞቹም አንዱ ከሌላው ስር፣ በበረዶ ላይ እንዳለፈ የጋሪ ዱካ፣ ጸጥ ብለው ተጋደሙ። ከዚህ የበለጠ አክብሮት ያለበት የዋቢ ዝርዝር የትም አይገኝ ብላ ደስ እያላት ለመምህሯ ላከችው።

ሰሞኑን አንድ ቀን ጠዋት ግልገሎቹን ከእናቶቻቸው ጋር አገናኝታ፣ እንደ ልማዷ ስልክ ወደሚሠራበት ኮረብታ ወጣች። ኮረብታው ኮርቻ ይመስላል፤ ስልኩ የሚሠራው ከኮርቻው የኋላ ጫፍ ላይ ብቻ ነው፣ እዚያም ሰው ፊቱን ወደ ደቡብ ካዞረ። ስልኩን ገና ከኪሷ ከማውጣቷ ጮኸ። መምህር ሃንዳ ነበሩ። መምህር ሃንዳ ሰላምታ የሚያበዙ ሴት ናቸው፤ ስለ በጎቹም፣ ስለ ሣሩም፣ ስለ ሽማግሌው ጉልበትም ሳይጠይቁ ወደ ነገር አይገቡም። ዛሬ ምንም አልጠየቁም።

‹‹ኡራንጎ፣ ያዳምጃቭን ታውቂዋለሽ?››

‹‹የከተማውን ጭስ ያጠናው? መጽሐፉን ጠቅሼዋለሁ እኮ መምህር።››

‹‹እሱማ እኔም አውቀዋለሁ፣ ነፍሱን ይማርና ጎረቤቴ ነበር። ፈረስ ሲያይ ፈርቶ መንገድ ይሻገር ነበር። ታዲያ ‹ግመል አስነጣሽ› የሚባለውን ነፋስ ለሱ ማን ነገረው? ‹የሌባ እግር›ንስ? ‹ሁለት ወንዝ የጠጣ›ን?››

ኡራንጎ መጀመሪያ የሚሉት አልገባትም። መምህር ሃንዳ ቀስ ብለው አስረዷት። ጽሑፉን የሚመረምረው ጉባኤ ባወጣው ደንብ የታተሙ ምንጮች ይቀድማሉ፣ የቃል ምንጮች ከነሱ በታች ይከተላሉ። ከታተሙት መካከል በአገሩ ፊደል ተራ መጨረሻ የሚመጣው ያዳምጃቭ ነው። ከሱ መስመር ቀጥሎ ደግሞ የሷ ረጃጅም ሰረዞች ይጀምራሉ። የዋቢ ዝርዝር ያነበበ ሰው ሁሉ ደግሞ ረጅም ሰረዝ ሲያይ የሚረዳው አንድ ነገር ነው፦ ከላይ የተጻፈው ሰው፣ ያው ራሱ። የጉባኤው አንባቢም እንደዚያው ተረድቶ በህዳጉ ላይ በቀይ ጽፎበታል። ምዕራፉ በሙሉ ከያዳምጃቭ የተወሰደ ነው፣ የእጩዋ የራሷ ስብስብ የት አለ፣ ጽሑፉ ይመለስ ይላል።

ኡራንጎ ኮርቻው ላይ ቁጭ አለች። ወደ ደቡብ መዞሯን ስለረሳች ድምፁ ተቆራረጠ፤ ቶሎ ዞረች። መምህር ሃንዳ አንባቢውን ለምነው አንድ ቀን አግኝተዋል። ዛሬ ጽሕፈት ቤቱ ሳይዘጋ የታረመው ፋይል ከደረሰ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። ካልደረሰ ግን እሳቸው ራሳቸው በሐምሌ ጡረታ ይወጣሉ፣ ይህን ጉዳይ የሚያይ ጉባኤም ከዚያ ወዲያ ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም።

‹‹‹ከኡራንጎ የመስክ ማስታወሻ› ብለሽ ሙይውና ገላግይን›› አሉ መምህር ሃንዳ። ‹‹ሁሉም የሚያደርገው ነው።››

‹‹የኔ አይደሉም እኮ መምህር።››

‹‹ታዲያ የሳቸውን ስም ጻፊያ!››

በስልኩ ውስጥ የከተማው መኪና ይሰማል።

‹‹እኔ እንዳልጽፍልሽ ስማቸውን አላውቀው›› አሉ መምህር ሃንዳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ‹‹አንቺ ደግሞ አትነግሪኝ። ምን ላድርግሽ ልጄ?››

ከኮረብታው ስትወርድ እግሯ መሬት የነካ አልመሰላትም። ሸለቆው ሁሉ እንደ ወረቀት ጠፍጣፋ ሆኖ ታያት። ከላይ በኩል ያዳምጃቭ የሚባል፣ ኮት የለበሰ፣ ፈረስ የሚፈራ ሰው ቆሟል፤ ከሱ በታች ነፋሶቹ አንገታቸውን ደፍተው ተሰልፈዋል። ማን ነው ጌታችሁ ሲሏቸው ያው ከላይ ያለው ይላሉ። ስሙን የሚያውቅ ጎረቤት ጠይቃ ታስጽፍ ይሆን ብላም አሰበች። ጎረቤቶቹ ግን ሣር ተከትለው ከተራራው ጀርባ ከርመዋል። ቢገኙስ ምን ትላቸዋለች? የአማቴን ስም በሉልኝ ብላ ደጃፍ ለደጃፍ የምትዞር ምራት ማን አይቶ ያውቃል።

ጌር ገብታ ላፕቶፑን ከፈተች። በስሙ ሳጥን ውስጥ ‹‹ከባድ ስም ያላቸው›› ብላ ጻፈች። ፕሮግራሙ ምኑንም ሳያቅማማ የመጨረሻዋን ቃል የአባት ስም አደረጋትና ‹‹ከባድ ስም›› የሚባል፣ አባቱ ‹‹ያላቸው›› የተባለ ሰው ወልዶ ዝርዝሩ ውስጥ አስቀመጠላት። በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። አጠፋችው። ከዚያ ጣቷን በመጀመሪያው ፊደል ላይ አስቀመጠች፤ አልተጫነችም። ከፊደሉ ስር ኢደር ያለ መሰላት፤ በአባቱ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው፣ የአባቱን ስም ሲጠየቅ እሱም እንደሷ ‹‹ከባድ ነው›› ይል የነበረው ኢደር። ጣቷን አነሳች። ‹‹የመስክ ማስታወሻ›› ብላ ጀመረችና እሱንም አጠፋችው።

ሽማግሌው ከምድጃው ማዶ ሆነው ያይዋታል። ዓይናቸው ቅርብ ነገር ላይ ዳበስ ዳበስ ይላል እንጂ የሰው ፊት አይስታቸውም።

‹‹ከኮረብታው ስትወርጂ ፈረስ የጠፋበት ሰው መስለሻል›› አሏት።

‹‹ምንም አይደል አባባ።››

‹‹ምንም ያልሆነ ነገር እንዲህ ያስተነፍሳል እንዴ?››

ሻይ ቀዳችላቸው፤ ቀድታም ዙሪያ ጥምጥም አወራችላቸው። ከተማ ውስጥ ያዳምጃቭ የሚባል ሰው ነበር፣ የጭስ ነገር ያጠና ነበር፣ ሞቷል፣ አሁን በአንድ ስህተት የተነሳ ነፋሶቹ በሱ ስም ሄደዋል አለቻቸው። ስህተቱ የማን እንደሆነ አልተናገረችም።

‹‹ሁሉም ሄዱ?››

‹‹ሁሉም።››

‹‹‹ጭስ ጠምዛዥ›ም?››

‹‹እሱም።››

ሽማግሌው አሰቡ። ‹‹እሱንስ ይውሰድ፣ ሙያው ነው። ‹ሁለት ወንዝ የጠጣ›ን ግን ምን ሊያደርግበት ነው? ፈረስ ይጋልባል?››

‹‹ፈረስ ይፈራ ነበር አሉ።››

‹‹ነፍሱን ይማር›› አሉ ሽማግሌው ከልባቸው አዝነው። ‹‹ማንስ ነው ወስዶ የሰጠው?››

መሸሽ አልቻለችም። ‹‹እኔ ነኝ አባባ። የስምዎን ቦታ ባዶ ተውኩት። ሰረዝ ብቻ አሰመርኩበት። ለክብር ብዬ ነበር።››

ሽማግሌው ሻዩን አስቀመጡ። ምድጃው ውስጥ ኩበቱ ሳይነድ ይጨሳል። ኡራንጎ አንገቷን ደፍታ ምንጣፉን አየች፤ የምንጣፉ አበቦች ሁሉ ወደሷ የሚያዩ መሰላት።

‹‹ባዶ ስትተዪው መጥቶ ተቀመጠበታ›› አሉ በመጨረሻ። ንዴት አልነበረበትም። ‹‹አሁንስ ምን ይሁን አሉሽ?››

‹‹ወይ በኔ ስም ላደርገው፣ ወይ እርስዎን ልጽፍዎት። ዛሬውኑ። በኔ ስም አላደርገውም። እርስዎንም...››

አልጨረሰችውም። እሳቸውም እንድትጨርሰው አልጠበቁም።

‹‹አለመጥራት ያንቺ ነው። እኔን ማን ከለከለኝ?›› አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ‹‹አምጪው ያንን ነገር።››

ላፕቶፑን ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ኪቦርዱን በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ የታመመ ግልገል ሆድ እንደሚዳስሱት። ፊደሎቹ በወጉ አለመሰለፋቸው ገረማቸው፤ ተኩላ የበተናቸው በጎች ናቸው አሉ። ኡራንጎ የመጀመሪያውን ቅጽ ከፍታ፣ ጽሑፉን በሰፊው አጉልታ፣ ብልጭ ድርግም የሚለውን መስመር በስሙ ሳጥን ውስጥ አቆመችላቸው። ይህ የራስዎ ነው፣ ይህ ያባትዎ ነው፣ ሲጨርሱ ይቺን ይጫኑ፣ የሚቀጥለው ራሱ ይመጣል አለች። አንዴ ከጻፉት ለቀሩት እሷ ልትገለብጠው እንደምትችልም ነገረቻቸው፤ አይነበብም፣ አይጠራም፣ እንደ እቃ ይነሳና ይቀመጣል።

‹‹ግዴለም›› አሉ። ‹‹ድሮ ለኅብረት ሥራው ሱፍ ስናስረክብ እጽፈው ነበር። ከዚያ ወዲህ ማን ጻፍ ብሎኝ ያውቃል። እስቲ ልጥገበው።››

ስሙ ሲጻፍ ቁጭ ብላ ማየት አልሆነላትም። ትናንት የተወለደችውን ግልገል አቅፋ ወጣችና ከጌሩ ደቡብ፣ ግድግዳው ፀሐይ በሚመታው በኩል፣ ሱፉን ተደግፋ ተቀመጠች። በውስጥ በኩል፣ ከጀርባዋ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ሽማግሌው የመጀመሪያውን ርዕስ ፊደል በፊደል አነበቡ።

‹‹ግመል... አስነጣሽ።››

ቀጥሎ ጸጥታ። ቀጥሎ ጣት፤ አንድ፣ ቆይቶ ሌላ፣ ቆይቶ ሌላ። እንደሚቀልጥ በረዶ ጠብታ ነበር። ከዚያ ደግሞ፦

‹‹የሌባ እግር። ይኼ እንኳ ሌባ ነው። ሳር ሳያንቀሳቅስ ነው የሚመጣው፣ የምታውቂው ጆሮሽ ሲበርድ ነው።››

ለማን እንደሚያወሩ አይታወቅም። ለሷ ይሁን፣ ለላፕቶፑ ይሁን፣ ለነፋሱ ለራሱ። እያንዳንዱን ስም ባነበቡ ቁጥር ጥቂት ያወሩለታል፣ ከዚያ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ጣታቸው ይንጠባጠባል። ኡራንጎ ዓይኗን ጨፈነች። ግልገሏ ደረቷ ላይ ትሞቃለች። ‹‹በጎች ጀርባ የሚሰጡት››። ከወንዙ ማዶ አንድ ነገር ተነሳና አቧራውን እንደ ቀሚስ ጫፍ ሰብስቦ አለፈ። ‹‹ሳይጠሩት መጥቶ ሳይሸኙት የማይሄድ››። ይህን ሲያነቡ ሽማግሌው ሳቁ፤ የሟች ሚስታቸውን ወንድም አስታወሳቸው መሰለ። ‹‹ጭስ ጠምዛዥ››። የምድጃው ጭስ በጣራው ቀዳዳ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ተጠመዘዘ። በሕልሟ ይሁን በውኗ እንጃ፣ ነፋሶቹ አንድ በአንድ በስማቸው እየተጠሩ ወደ ጌሩ ሲገቡ፣ እያንዳንዳቸው በቀኝ በኩል ቦታ ይዘው ሲቀመጡ፣ ሽማግሌውም እያንዳንዱን እጁን ይዘው አንድ ነገር በጆሮው ሲነግሩት አየች። የሚነግሩትን አልሰማችም። መስማትም አልነበረባት።

ፀሐዩ ከትከሻዋ ወደ ጉልበቷ ወርዶ ነበር ሽማግሌው ሲጠሯት።

‹‹ኡራንጎ። ይቺኛዋ የኔ አይደለችም።››

ገባች። ከፊታቸው የተከፈተው ‹‹ሻሽ ሰራቂ›› የሚለው ቅጽ ነበር፤ መጨረሻ የሞላችው። እርስዎ ነዎት የነገሩኝ፣ አምና በልግ፣ በር ላይ ቆመን አለቻቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

‹‹የነገርኩሽማ እኔ ነኝ። ግን ስሙን ያወጣው ኢደር ነው። እናቱ ሰማያዊ ሻሽ ነበራት፤ አጥባ ገመድ ላይ ስትሰቅለው ነፋስ ይዞት ሄደ። ልጁ ከጉረኖው ማዶ፣ ከዚያ ጥቁር ድንጋይ ማዶ አባረረው። ሲመለስ ንፍጡ አፉ ውስጥ ገብቶ፣ ‹ሻሽ ሰራቂው በረታብኝ› አለ። ከዚያ በፊት ያ ነፋስ ስም አልነበረውም። እኔ ከሱ ሰማሁ፣ አንቺ ከኔ ሰማሽ።›› ላፕቶፑን ወደሷ ገፋ አደረጉት። ‹‹የልጄን ነፋስ ልወስድበት ነው?››

ኡራንጎ ከጎናቸው ተንበረከከች። ይህን ስም መጻፍ ትችላለች። ኢ፣ ደ፣ ር። ሦስቱም ፊደሎች ከጣቷ ስር ተነስተው ሳጥኑ ውስጥ ገቡ። ቀጥሎ ብልጭ ድርግም የሚለው መስመር ወደሚቀጥለው ሳጥን ተሻግሮ ቆመ፤ የአባት ስም። ምንም ሳትናገር ላፕቶፑን ወደ ሽማግሌው መለሰችው፣ ፊቷንም ወደ በሩ አዞረች።

ብዙ ቆዩ። ጣታቸው እስኪንጠባጠብ ድረስ ብዙ ቆዩ።

‹‹እዚህም ገባሁ›› አሉ።

እጇን ከኋላ ልካ ላፕቶፑን ተቀበለች፤ ዝርዝሩ እንዲታደስ አዘዘች። ፕሮግራሙ ጥቂት አሰበ። ከዚያ ሰረዞቹ ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ጠፉ፤ በየቦታቸው አንድ ስም፣ ያው ስም፣ ደግሞ ያው ስም ተነሳ። ኡራንጎ ሰው ፀሐይን እንደሚያይ ነው ያየችው፤ መኖሩን አየች እንጂ ትክ ብላ አላነበበችም። ያዳምጃቭ ከላይ ከጭሱ ጋር ብቻውን ቀረ። ከሁሉ በታች የኢደር መስመር አለች፤ የአባቱን ስም ሙሉውን ይዛ።

ፋይሉን ወደ ስልኳ አሻግራ ኮረብታውን በሩጫ ወጣች። ፋይሉ ሲሄድ በጣም ቀስ ብሎ ነበር፤ እየሄደ ይቆማል፣ ቆሞ ይሄዳል። ወደ ደቡብ ዞራ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብላ ጠበቀች። ሄደ። መምህር ሃንዳ ‹‹ደርሷል፣ ልጄ›› የሚል አጭር መልእክት ላኩላት። ከዚያ ደግሞ ስልኩ ጮኸ፤ የማታውቀው ቁጥር ነው። የጉባኤው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበር፣ ድምፁ የወጣት፣ ሊወጣ ኮቱን የለበሰ ሰው ችኮላ ያለበት።

‹‹እህቴ፣ ወደ ማተሚያ ከመላኩ በፊት አንዲት ነገር ላጣራ። መጨረሻ ላይ ያለችው ዋቢ፣ ኢደር የሚለው። የአባቱ ስም ከላይ ካሉት ነፋሶች ሁሉ ባለቤት ጋር አንድ ነው።›› ስሙን ጠራው። ሰው እንደሚጠራው፣ እንዲሁ፣ ከሌሎች ስሞች መካከል አንዱን እንደሚጠራ። በጆሮዋ ውስጥ ከተሰማ ስንት ዘመኑ ነበር። ‹‹ትክክል ነው እንዴ? ሰውየው ልጅ አላቸው ማለት ነው?››

ኡራንጎ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

‹‹አዎ›› አለች። ‹‹አላቸው።››

ጸሐፊውም እሺ፣ እንግዲያውስ ይታተማል ብሎ ስልኩን ዘጋው። እሷ ግን ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ፣ ፊቷን ወደ ደቡብ እንዳዞረች፣ ነፋሱ የኮቷን ጫፍ እየጎተተ ብዙ ቆመች።